ያልተፈጸመ ትምህርትና የተገኘ ሥራ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ የላስታ ልጅ ከዩኒቨርሲቲ ለመመረቅ አንድ ዓመት ሲቀረው በላሊበላ ቋሚ ሥራ ቢያገኝ ምን ያድርግ?

ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ወደ ታች የተፈለፈለ ነው። ጠራቢዎቹ ከጣራው ላይ ቢያቆሙ ኖሮ መስቀሉ ይታይ ነበር፤ መግቢያ በር ግን ባልተገኘም ነበር። ጌታችንም ግንብ ጀምሮ መፈጸም ስላቃተው ሰው በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 አስተምሮናል። ደግሞም ቋሚ የተባለው የላሊበላ ሥራ የቆመው በእንግዳ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ፣ በ2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እንግዳውን ባስቀሩ ጊዜ የስንቱ ደመወዝ ተቋረጠ!

ነገር ግን እናቱ የተራበችበትን ልጅ «ተማር» ብቻ ማለት ጭካኔ ነው። እርሱ ሥራውን ይያዝ፤ ወደ ትምህርቱ የሚመለስበትንም ዘመን ከንስሐ አባቱ ጋር ይቁረጥ። ለአዲስ ስልክ ብሎ የሚያቋርጠውን ግን እኔ አልመርቀውም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።