በሽታን ቀድሞ ስለሚጠብቅ መሥሪያ ቤት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ከየካ እስከ እንጦጦ ግርጌ ድረስ ጢስ ሲወጣ እናያለን። ጥራጊ የምናቃጥለው በ1911 ዓ.ም. የገባውን የኅዳር በሽታ በማስታወስ ነው። ያ በሽታ ዓለምን ሁሉ የዞረ ኢንፍሉዌንዛ ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። በዚያን ጊዜ የታመመውን የሚቈጥርና የበሽታውን ምክንያት የሚመረምር መሥሪያ ቤት አልነበረም። አባቶቻችን የተቻላቸውን አደረጉ፤ ሰፈራቸውን ጠርገው ጥራጊውን አቃጠሉ። ጢሱ በሽታውን አይገድልም፤ ጽዳቱና ኅብረቱ ግን የሚመሰገን ነው።

ዛሬ ይህን ሥራ የሚያስተባብረው በጉለሌ የሚገኘው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነው። ሰፈሩን «ፓስተር» የምንለው ቀድሞ በዚያ ከነበረው ከፓስተር ኢንስቲትዩት የተነሣ ነው። በ1988 ዓ.ም. የጤና ምርምርና የሥነ ምግብ ሥራ በአንድነት ተጠቃለለ፤ መሥሪያ ቤቱ የአሁኑን ስም ያገኘው በ2006 ዓ.ም. ነው።

ሥራው እንዴት ይካሄዳል? በእንጦጦ ዳገት የምትኖር አንዲት እናት ኩፍኝ የያዘውን ልጇን ወደ ጤና ጣቢያ ብትወስድ፣ ወሬው ከጣቢያው ወደ ወረዳ፣ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ወደ ከተማው ጤና ቢሮ፣ ከዚያም ወደ ኢንስቲትዩቱ ይደርሳል። ደም በላቦራቶሪ ይመረመራል፤ በሽታው መዛመቱ ከታወቀ ክትባት ይታዘዛል። እንግዲህ የአንዲት እናት ቃል የጎረቤቶቿን ልጆች ሁሉ ሊያድን ይችላል ማለት ነው።

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በተነሣ ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ለምርመራ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተልከው ነበር፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ምርመራው እዚሁ ተጀመረ። መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው ሕመምተኛ ተገኘ፤ የካ ኮተቤ ሆስፒታልም ሕሙማንን ተቀበለ። በዚያ ወራት ሳል የያዘው ሰው ጎረቤት እንዳይሸሸው ሲል ሳሉን ይደብቅ እንደ ነበር ሁላችን እናስታውሳለን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ነገር ግን እንዲደብቅ ያደረገው ማን ነው? የሸሸነው እኛ አይደለንምን? ላቦራቶሪ ምንም ያህል ቢሠለጥን፣ በኀፍረት የተሸሸገውን ሊመረምር አይችልም።

ስለዚህ ወላጆቻችን ሕመምን ሳትደብቁ እንድትናገሩ፣ እኛም ተማሪዎች የታመመውን ሳናሳፍር እንድንጠይቅ፣ ከመካከላችንም ሳይንስን የሚወዱ በላቦራቶሪ ሥራ አገራቸውን እንዲያገለግሉ በትሕትና እለምናለሁ።