የብስክሌት መስመርና የመንገድ ውል፦ ከውጫሌ ዙሪያ የተነሣ ሐሳብ



ዛሬ የምናገረው ስለ ትንሽ ነገር፣ ስለ ብስክሌት ነው። ስፍራው ግን ትንሽ አይደለም፤ ውጫሌ ነው። የውጫሌን ስም በታሪክ መጽሐፍ ያላነበበ ተማሪ በዚህ አዳራሽ ይኖራል ብዬ አላስብም። ብጠይቃችሁ ግን በውጫሌ ያለፋችሁ ብዙዎች፣ በውጫሌ የወረዳችሁ ጥቂቶች ትሆናላችሁ። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚሄደው አውቶቡስ ሐይቅን፣ ሱሉላን፣ ውጫሌን፣ ውርጌሳን፣ መርሳን እያለ ያልፋል፤ መንገደኛውም ስማቸውን ከሰሌዳ አንብቦ ይረሳል። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ መንገደኛው በአምባሰል ምድር ሁለት ቀን እንዲቆይ፣ እንዲበላ፣ እንዲያድር፣ እንዲጠይቅ የሚያደርግ የብስክሌት መስመር ልንዘረጋ እንችላለንን? ብንዘረጋስ በማን ፈቃድ?

በእንግሊዝ ገጠር በብስክሌት መጎብኘት የቆየ ልማድ ነው። የብስክሌት ተጓዦች ማኅበራቸው የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1878 ነበር። ጎብኚው ከአንዲት መንደር ተነሥቶ በጠባብ የገጠር መንገድ ሃያ ወይም ሠላሳ ኪሎ ሜትር ዞሮ፣ ሻይ ወደሚጠጣበት ቤት ይመለሳል። ይህን ያየ ሰው የአስፋልቱ ጥራትና የመስኩ ልምላሜ ያስገኘው ይመስለዋል። ከሥሩ ያለው ግን ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣው ሕግ የሕዝብ መተላለፊያዎች ተጣርተው በካርታ እንዲመዘገቡ አዘዘ፤ በብዙ ስፍራ መንገዱን እየዞሩ ያጣሩትም የየአጥቢያው ምክር ቤት ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው ሕግ ደግሞ ብስክሌተኛ በፈረስ መንገድ እንዲያልፍ ፈቀደ፤ ፈቃዱን ግን በግዴታ አሰረው፤ ለእግረኛና ለፈረሰኛ ቅድሚያ ይስጥ አለ። እንግዲህ መስመር ማለት በባላገሩና በመንገደኛው መካከል የተጻፈ ውል ነው።

ውል ካልን ዘንድ ውጫሌ ደረስን። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል ምን እንዳስከተለ ታውቃላችሁ። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ቃል ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መነጋገር ትችላለች ሲል፣ የኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ አደረገው። በሁለት ቋንቋ የተጻፈ አንድ ውል ሁለት ውል ሆኖ ተገኘ፤ ነገሩም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ተፈረደ። ይህን ታላቅ ታሪክ ከብስክሌት ጋር ማነጻጸሬ ድፍረት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በካርታ ላይ የሚሣል መስመርም ሁለት ንባብ አለው፦ አንዱ የሣዩ፣ ሌላው በመስመሩ ላይ የሚኖረው ሰው ነው።

ይህን የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነው። ከጦርነቱ በፊት በሳተላይት ምስል ላይ አንድ ዙር ሥዬ፣ ብስክሌቴን ይዤ ውጫሌ ወረድሁ። በምስሉ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ሆኖ የታየኝ ሁሉ መንገድ መስሎኝ ነበር። ከአውራ ጎዳናው ተገንጥዬ ጥቂት እንደሄድሁ መስመሩ በማሽላ ማሳ ዳር አልፎ አውድማ ላይ ጣለኝ። እህል የሚወቁት ሰዎች በሬዎቻቸውን አቆሙ። አንድ ሽማግሌ መንሻቸውን ተደግፈው «ልጄ፣ መንገዱ ጠፋብህ?» አሉኝ። «የለም አባባ፣ በካርታው ላይ መንገዱ ይህ ነው» ብዬ ስልኬን አሳየኋቸው። አተኩረው ተመለከቱና «ይኸማ የበሬዎቻችን ዱካ ነው። ዝናብ ሲጥል አታገኘውም» አሉ። አፍሬ ይቅርታ ስጠይቅ «አብሽር» ብለው አንድ ልጅ አስከተሉልኝ፤ ስሄድም «ከብት ስታገኝ ግን ከሳይክሉ ውረድ፤ ይደነግጥብናል» አሉኝ። የእንግሊዝ ምክር ቤት በሕግ የደነገገውን እኒህ አባት በአንድ ዓረፍተ ነገር ደነገጉት።

መስመር ለመዘርጋት የሚበቃ ነገር በአካባቢው አለ። የመጀመሪያው ወደ ይስማ ንጉሥ፣ ውሉ ወደተፈረመበት ስፍራ፣ የሚወስድ አጭር ጉዞ ነው። ሁለተኛው ወደ ደቡብ ያመራል፤ ወደ አዋሽ የሚወርደውን ሚሌ ወንዝን ተሻግሮ፣ በሱሉላ በኩል ሐይቅ ይደርሳል። በዚያ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ወደ ገዳሙ ሴቶች አይገቡም፤ ይህን አስቀድሞ የማይናገር መስመር ሴት ተማሪዎቻችንን ከበር ይመልሳቸዋል። ሦስተኛው በዚያው በአምባሰል ወረዳ ያለው ግሸን ደብረ ከርቤ ነው። መስከረም 21 ቀን ለንግሥ የሚተምመው ሕዝብ መንገዱን በእግሩ ያውቀዋል። ብስክሌት ከአምባው ሥር ይቆማል፤ ከዚያ በላይ የእግር ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ከአየርላንድ እስከ ህንድ በብስክሌት የተጓዘችው ደርቭላ መርፊ እንኳ ኢትዮጵያን ስትጎበኝ ብስክሌቷን ትታ በቅሎ መምረጧን አንርሳ።

አንድ ቅሬታም ልጥቀስ። የውጭ ብስክሌተኞች ስለ አገራችን በሚጽፉት የጉዞ ማስታወሻ ልጆች ድንጋይ ወረወሩብን የሚል ነገር ይደጋገማል። ጥፋቱን አላስተባብልም። ሆኖም ከልጁ ዓይን እንየው፦ ሰላም ሳይል፣ ሳይወርድ፣ ውኃ ሳይጠይቅ የሚፈተለክ ሰው በወሎ ሥርዓት እንግዳ አይባልም። እንግዳ የሚሆነው ሲቆም ነው። ማረፊያው የታወቀ፣ ሻይ የሚያፈላው ቤትና ጎማ የሚጠግነው ወጣት በስም የሚጠሩበት መስመር፣ ድንጋዩን ከጥበቃ ይልቅ ያስጥላል።

ይህን ሁሉ ስናገር የማልሸፍነው ነገር አለ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በዚሁ መንገድ ላይ አልፏል፤ አገሩ ከዚያ ወዲህም ሙሉ ሰላም አላገኘም። ዛሬ ተነሥታችሁ በብስክሌት ውጫሌ ሂዱ አልልም። ነዋሪው ራሱ ያለ ስጋት በማይሄድበት መንገድ ላይ ጎብኚ መጥራት ነውር ነው። ነገር ግን ሰላም ሲመጣ መስመሩን ማን ይሥለው የሚለው ጥያቄ አሁን ካልተነሣ፣ ያኔ ሩቅ ያለ ሰው በምስል ሥሎ ያመጣልናል፤ እኛም እንደ እኔ አውድማ ላይ እንወድቃለን።

ስለዚህ ለተማሪዎች የምተወው አደራ ይህ ነው። መስመሩን ከመሣላችሁ በፊት በእግር ሂዱበት፤ የአገሩን ሽማግሌዎችና ውኃ የሚቀዱትን ሴቶች ጠይቁ። የቦታውን ስም እነሱ እንደሚጠሩት በአማርኛ ጻፉ። መንገዱ በመኸርና በክረምት የት እንደሚዘጋ መዝግቡ። የጻፋችሁትንም ተመልሳችሁ አንብቡላቸው፤ ቃሉን ሰምተው «አዎ፣ ይህ ነው» ካላሉ መስመሩ አልተፈረመም። ውጫሌ ሁለት ንባብ ያለው ውል ምን እንደሚያመጣ አንድ ጊዜ አስተምራናለች፤ ሁለተኛ ልታስተምረን አይገባም።