ገጣባ አህያ የማን ጉዳይ ነው?

(ለተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ርእሱ ሲነበብ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ብላችኋል። የሰው ችግር ሳያልቅ ስለ አህያ ጀርባ መናገር ቅንጦት የሚመስለው ብዙ ነው። ነገር ግን ከጣራ ገዳም ግርጌ እስከ ጣና ዳር በተዘረጋው አገር የሰውና የከብት ኑሮ ተለይቶ አያውቅም። በ1880 ዓ.ም. የከብት ዕልቂት በምጽዋ በኩል ገብቶ በሬውን በፈጀው ጊዜ፣ የሚያርስበት ያጣው ገበሬ ተከትሎ አለቀ፤ ዘመኑም «ክፉ ቀን» ተባለ። ያ በሽታ ከአገራችን መጥፋቱ የተመሰከረው በ2000 ዓ.ም.፣ ከዓለም መጥፋቱ የታወጀው ደግሞ በ2003 ዓ.ም. ነው። ይህም የሆነው ክትባት ይዘው በረሐ ለበረሐ በዞሩ ሰዎች ድካም ነው። እንግዲህ በሽታ ሲሆን ሰው ወደ ከብቱ መላክ እናውቅበታለን ማለት ነው። ለቁስልና ለዱላ ግን ማንንም አልላክንም።

ሕግ የለም እንዳይባል ሕጉ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በእንስሳት ላይ መጨከንን ከደንብ መተላለፍ ጥፋቶች ጋራ ቆጥሮታል። የጎደለው ገበያ ወርዶ የሚያይ ዓይን ነው። እንግሊዞች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1824 ለእንስሳት ደኅንነት ማኅበር ሲያቋቁሙ፣ ከሁሉ አስቀድመው ያደረጉት ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ቀጥረው በሎንዶን ወደ ስሚዝፊልድ የከብት ገበያ መላክ ነበር። ሕጉ ከሁለት ዓመት በፊት ወጥቶ ነበር፤ ሰው እስኪላክ ድረስ ግን ወረቀት ነበረ።

ወደ ወረታ እንመለስ። ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ ከደብረ ታቦሩ መንገድ የሚገናኝበት ከተማ ስለሆነ በገበያው ቀን የማይታይ ነገር የለም። አህያው ገጣባ ሆኖ፣ በቁስሉ ላይ ማዳበሪያ ጆንያ ተነጥፎለት፣ በላዩ ሩዝ ይጫናል። በሬው መወጣጫ በሌለው አይሱዙ ላይ ጭራው እየተጠመዘዘ ይወጣል፤ ቀንዱ ከብረቱ ታስሮ ውሃ ሳይቀምስ ይጓዛል። ባለቤቱን ጨካኝ ማለት አይገባም። ያ ሰው አህያውን ከራሱ እኩል ያደክማል እንጂ ከራሱ አብልጦ አይደለም።

በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የአህያ ቄራ በተከፈተ ጊዜ ሕዝቡ እንዴት እንደተቆጣ፣ ቄራውም ወዲያው እንደተዘጋ ታስታውሳላችሁ። አህያ አይታረድም ብለን ጮኽን፤ ያው አህያ ቆስሎ ሲጫን ግን ማን ጮኸ?

የፎገራ ከብት ጉዳይ ደግሞ ከዱላም ያለፈ ነው። ይህ ነጭና ጥቁር ጥምዝ፣ በወተቱ የታወቀ፣ ረግረግ የለመደ ዘር በክረምት ርብና ጉማራ ሜዳውን ሲያጥለቀልቁት ከፍ ወዳለው ይወጣ፣ በበጋ ውሃው ሲሸሽ ተከትሎ ይወርድ ነበር። በደርግ ዘመን ሩዝ ገባ። ሩዙ ለሰው በረከት ሆነ፤ የግጦሹ መሬት ግን ታረሰ፤ ከብቱም ገለባ ላይ ቀረ። በቀረው ረግረግ የሚጠብቀው አልቅትና የጉበት ትል ነው። ዘሩን ለመጠበቅ ከባሕር ዳር አጠገብ የአንዳሳ እርባታ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ነገር ግን በእርባታ ጣቢያ የሚጠበቅ ከብት አንድ ነገር ነው፣ በገበሬው ደጅ የሚኖር ሌላ ነው።

ስለዚህ በበኩሌ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አዲስ መሥሪያ ቤት አያስፈልግም። በየቀበሌው ክትባት የሚሰጡት የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ በገበያ ቀን ጆንያና ታንኳ የሚፈተሽበት በር ላይ ሳይሆን ከብቱ መካከል ይቁም። የቆሰለውን ያራግፍ፣ ቁስሉን ይጠብ፣ ከጭነቱ ሥር ምን እንደሚነጠፍ ለባለቤቱ ያሳይ። ደጋግሞ እንቢ ያለውን ብቻ ወደ ዳኛ ያቅርብ። የቅጣቱ ገንዘብ ግን ከቀጪው ኪስ ሊደርስ አይገባም፤ ያን ጊዜ አህያው ሳይሆን ገበሬው ነው ገጣባ የሚሆነው።

እኛ ደግሞ አንድ የገበያ ቀን እርሳስና ወረቀት ይዘን እንሂድ። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚማሩ ጓደኞቻችን ቁስል መለየት ያስተምሩን። በር ላይ ቆመን ስንት አህያ እንደገባ፣ ከእነርሱም ስንቱ ገጣባ እንደሆነ እንቁጠር፤ ቁጥሩንም ለወረዳው እንስጥ። መሄድ የሚፈልግ ስሙን ዛሬ ማታ ለኅብረቱ ጸሐፊ ያስመዝግብ።