ስንዴያችን ሙቀት የማይችልበት ወቅት
(ለቆላ አካባቢ የበጋ መስኖ ስንዴ አምራች ሞዴል አርሶ አደሮች የቀረበ ገለጻ)



ከእናንተ ደጋግሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፦ «ማሳው አረንጓዴ ነበር፣ ዛላውም ያማረ ነበር፤ ሲወቃ ፍሬው የት ገባ?» መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው በተዘራበት ቀን ላይ ነው።

የስንዴ ቅጠል የሚችለውን ሙቀት አበባው አይችለውም። ከአበባውም ቀድሞ የሚጎዳው የወንዴው ክፍል ነው። የወንዴ ዘር ወይም ብናኝ የሚሠራው ዛላው ገና በቅጠል ተጠቅልሎ ሳለ፣ ሆድ ሲይዝ ነው። በዚያ ሰሞንና በአበባ ጊዜ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከወጣ፣ ብናኙን የሚመግበው ክፍል ይጎዳል፤ ብናኙም ባዶና ጭምድድ ይሆናል። ሴቴዋ ሳትዳቀል ትቀራለች። ዛላው ይወጣል፣ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ሙቀቱ ከአበባ በኋላ ከመጣ ደግሞ የፍሬው ቁጥር ሳይቀንስ መሙያ ጊዜው ያጥራል፤ ፍሬው ይቀጭጫል።

ለዚህ ነው ዛላ ከወጣ በኋላ ዩሪያ መጨመር ባዶውን ቤት የማይሞላው። ገንዘባችሁን አታባክኑ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቀኑን ከአበባው ወደ ኋላ ቁጠሩ። በቆላ ቶሎ የሚደርስ ስንዴ በ60 ቀን ገደማ ያብባል። ኅዳር አጋማሽ የዘራ በጥር አጋማሽ፣ ገና በቅዝቃዜው ያብባል። ጥር መጀመሪያ የዘራ ግን አበባው መጋቢት ላይ ይወድቃል፤ ያኔ የቆላው ሙቀት በርትቷል። የክረምቱን ሰብል ቶሎ አንስታችሁ ማሳውን አዘጋጁ።

ሁለተኛ፣ ለቆላ መስኖ የወጡ ዝርያዎችን ዝሩ። ከወረር ምርምር ማዕከል የወጡት ፈንታሌና አሚባራ ለዚህ የታሰቡ ናቸው። ለደጋ የወጣ ዝርያ በቆላ ዘግይቶ ስለሚያብብ ሙቀቱ ያገኘዋል።

ሦስተኛ፣ ሆድ ከያዘበት እስከ ፍሬ ሙሌት ውኃ አታስጠሙት። ውኃ የጠገበ ስንዴ በቅጠሉ ስለሚተነፍስ ሰውነቱ ከአየሩ ይቀዘቅዛል፤ የተጠማው ግን ይግላል። ተራችሁን ለመቀነስ ከተገደዳችሁ ከዚህ ወቅት ላይ አትቀንሱ። የውኃ ተጠቃሚ ማኅበራትም የዘር ቀን አንድ ላይ ቢወስኑ ተራው ለሁሉም በወቅቱ ይደርሳል።

አራተኛ፣ አበባ ካለፈ ከሳምንት በኋላ ከማሳው ልዩ ልዩ ቦታ አሥር ዛላ ቁረጡና ወደ ፀሐይ ያዙት። ፍሬ ያልያዘው ቤት ብርሃን ያሳልፋል፣ አፉንም ከፍቶ ይታያል። ባዶውን ቆጥራችሁ ከዘራችሁበት ቀን ጋር ጻፉ። ቀድሞ ከዘራው ጎረቤት ማሳ ጋር ስታስተያዩት ለከርሞ የምትዘሩበትን ቀን እናንተው ታውቁታላችሁ።

እናንተን አይቶ የሚዘራ ብዙ ሰው አለ። እናንተ በኅዳር ከዘራችሁ ቀበሌው ይከተላችኋል፤ ከዘገያችሁም እንዲሁ።