ስለ ጡት መያዣ ሽቦ አጠባበቅና አጠጋገን

ለልጃገረዶች የባልትና ትምህርት የተነገረ

በብዙ ዓይነት የጡት መያዣ ውስጥ፥ ከጡት በታች፥ እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጠ ቀጭን ሽቦ ይገኛል። ሰይፍ በሰገባው እንደሚያድር ሁሉ ሽቦውም በጠባብ የጨርቅ ሰገባ ውስጥ ያድራል፤ ጫፉም ሥጋን እንዳይወጋ በፕላስቲክ ይለበጣል። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚጐዳው ሽቦው ሳይሆን ሰገባው ነው። ጨርቁ ሲሳሳ ሽቦው ብቅ ይልና ቆዳን ይፍቃል። አንዳንዲቱ ሴት ይህ ሲደርስባት መናገር አፍራ በብብቷ ሥር ቁስል እስኪወጣ ድረስ ትለብሰዋለች። ነገር ግን ልብስን መጠገን ነውር አይደለም።

ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛው ልክ ያልሆነ ልብስ ነው፤ ሲጠብ ሽቦው ይለጠጥና ጫፉ ሰገባውን ይገፋል። ሁለተኛው አጠባ ነው፤ እንደ ነጠላ ጠምዝዞ መጭመቅ፥ ወይም ከከባድ ልብስ ጋር በማጠቢያ መኪና ውስጥ መጨመር ሽቦውን ያጣምማል።

ስለዚህ መንጠቆው ተቆልፎ፥ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ ይታጠብ። ሳይጠመዘዝ በፎጣ መካከል ተጭኖ ውሃው ይውጣለት፤ በጥላም ይሰጣ። በታጠበ ቍጥር ሰገባው በጣት ይዳሰስ።

ጫፉ ብቅ ያለ እንደ ሆነ፥ ልብሱ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ሽቦው በዝግታ ወደ ሰገባው ይመለስ። ቀዳዳው በጠንካራ ክር ተደጋግሞ ይሰፋ፤ በላዩም የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ጥቅጥቅ ያለ ለስላሳ ጨርቅ ይጣፍበት። የክሩ ቋጠሮ በቆዳ በኩል አይሁን። የጫፉ ልባስ የወለቀ እንደ ሆነ ግን ስፌት ብቻውን አይጸናም፤ የተራቆተው ብረት እንደ ገና ይቀደዋልና፥ አስቀድሞ ጫፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ በክር ይታሰር።

ሽቦው ከተሰበረ ልብሱ አይጣልም፤ ከሁለቱም ወገን ሽቦው ወጥቶ ያለ ሽቦ ይለበሳል። ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ የምትባል አሜሪካዊት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1914 የፈጠራ መብት የተቀበለችበትን የጡት መያዣ አስቀድማ የሠራችው ከሁለት መሐረብና ከሪባን ነበር፤ ሽቦ አልነበረበትም።

እንግዲህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፥ ቀዳዳው የመርፌ ዓይን ሲያህል የሰፋችው ሴት ከቁስልም ከወጪም ትድናለች።