ስለ ጎረቤቴ የዒላማ ጠመንጃና ስለ መነጽሩ
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ዓመት በዚህ ቦታ ቆመው ስለ ስኳር በሽታ ያስረዱን እኅታችን የተማሩ ነርስ ናቸው። እኔ ግን ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍሁ፣ ዕድሜዬን በዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊነት የፈጀሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ሰብሳቢያችን «ዘንድሮ ተራው ያንተ ነው» ሲሉኝ ጨንቆኝ ነበር። ኋላ ግን ርእሱን እናንተው ሰጣችሁኝ። «በስተርጅናው ቅዳሜ ቅዳሜ ተኩስ ጀመረ» እየተባልሁ በየቡናው እንደምታማ ሰምቻለሁ። ጠመንጃ የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። ነገሩ እንዲህ ነው።

እዚህ ቨርጂኒያ ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰን አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበሩ። ባለቤቴ ታማ በተኛችበት ክረምት በየማለዳው በረዶውን ጠርገው መኪናዬን ያወጡልኝ እሳቸው ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከቤት የሚያወጣቸው ነገር ቢኖር የቅዳሜ የተኩስ ክለብ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ዳሌያቸው ተሰብሮ መንዳት ሲተዉ እኔ አደርሳቸው ጀመር። ውለታ ነው፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ጠመንጃቸው ዊንቸስተር ሞዴል 52 ይባላል። ለዒላማ ውድድር የተሠራ ነው፤ ፋብሪካው ማምረቱን ካቆመ ከ1980 ወዲህ አርባ ዓመት አልፎታል። ጥይቱ .22 የሚባለው፣ ከእስክሪብቶ ክዳን የሚያንስ ነው። የገረመኝ ግን መነጽሩ ነው። ሁለት ጫማ ያህል የሚረዝም ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ የሠራው ጆን ዩነርትል የተባለ ከጀርመን የፈለሰ ሰው በፒትስበርግ ከተማ ያቋቋመው ፋብሪካ ነው። የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦር ዒላማ ተኳሾች በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም፣ በቬትናምም የዚሁን ሰው መነጽር ይዘው ዘምተዋል። ይህን ያጫወቱኝ በመንገድ ላይ ነው፤ ሳይነግሩኝ ያደረስኋቸው ቀን የለም።

የዛሬ መነጽር ጠመንጃው ላይ በብሎን ጥርቅም ተደርጎ ይታሰራል። ቁልፉን ስታዞሩት የሚንቀሳቀሰው በሆዱ ውስጥ ያለው ነው። የጥንቱ እንደዚያ አይደለም። ሆዱ አይነካም፤ ቱቦው ራሱ እንዳለ ይንቀሳቀሳል። ከፊት በአንድ ቀለበት ውስጥ ተቀምጧል፤ ከኋላ ባለው ቀለበት ላይ ሁለት ቁልፎች አሉ፤ አንዱ ከላይ ሆኖ ለከፍታ፣ ሌላው ከጎን ሆኖ ለግራና ለቀኝ። በእነዚህ ትይዩ አንድ ሞላ ቱቦውን እየገፋ ከቁልፎቹ ጋር ያጣብቀዋል። ቁልፉ ሲዞር ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። በቆጠራ ነው የሚሠራው፤ እኔን የማረከኝም ይኸው ቆጠራው ነው።

በመጀመሪያው ቀን አንድ ጥይት ሲተኩሱ ቱቦው በቀለበቶቹ ውስጥ ወደ ፊት ሸተት ሲል አየሁና «ኧረ ተፈቷል! ካቻቢቴ ይምጣ!» ብዬ ጮኽሁ። ክለቡ በሙሉ ሳቀብኝ። ለካ እንዲንሸራተት ሆኖ ነው የተሠራው። ጠመንጃው ሲረግጥ መነጽሩ ባለበት ይቀራል፤ መስተዋቱና ቁልፎቹ ከድንጋጤ ይድናሉ። ከዚያ በሞላ ወይም በእጅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሳይመለስ የተተኮሰ ጥይት ግን አይታመንም።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። በ2019 የጸደይ ወራት ሽማግሌው ከፉባቸው። በ50 ያርድ ደህና ይመታሉ፤ ወደ 100 ያርድ ሲሻገሩ ጥይቱ ሁሉ ከመካከለኛው ክብ በላይ ይውላል። አንድ አሮጌ ደብተር ነበራቸው፤ «ከ50 ወደ 100፣ 24 ጠቅታ ወደ ላይ» ይላል። በ100 ያርድ ጥይቱ ስድስት ኢንች ያህል ዝቅ ስለሚል፣ አንዱ ጠቅታ ሩብ ኢንች ከሆነ 24ቱ ስድስት ኢንች ይሞላል። ሒሳቡ ልክ ነው። ታዲያ እሳቸው ምን አሉ? «ደብተሩ ሠላሳ ዓመት አልዋሸኝም። የከዱኝ ዓይኔና እጄ ናቸው።» ጠመንጃውን ሊሸጡት ቆረጡ። እኔ የፈራሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ቅዳሜ ነው። መጋረጃ ዘግቶ የሚውል ሽማግሌ እንዴት እንደሚያልቅ ከዚህ ዕድር የተሻለ የሚያውቅ የለም።

አገር ቤት ግምጃ ቤት ስሠራ፣ ሞዴል 19ና ሞዴል 22 ተደምሮ ተቀንሶ ከመደርደሪያው ጋር ሳይገጥም ሲቀር፣ አለቃችን «ወረቀቱን ተወው፤ ዕቃውን ቁጠር» ይሉን ነበር። መነጽሩ ደግሞ ደብተሩ በተጻፈበት ጠመንጃ ላይ አልነበረም፤ ያንን ሸጠው መነጽሩን ወደዚህኛው አዛውረውታል። ሩብ ኢንች የሚባለው ሁለቱ መቀመጫዎች 7.2 ኢንች ሲራራቁ መሆኑን ራሳቸው ነግረውኝ ጽፌ ይዤዋለሁ። ማስመሪያ አምጥቼ ከመካከል እስከ መካከል ለካሁ። ስድስት ኢንች! የቀድሞው ባለቤት ቀዳዳውን ሌላ ቦታ አስበስቶት ኖሯል።

ሒሳቡ ይኸውላችሁ። መቶ ያርድ 3600 ኢንች ነው። ለ7.2 ቢካፈል 500፣ ለ6 ቢካፈል 600 ይሆናል። ስለሆነም የቱቦው ጭራ አንድ እጅ ከፍ ሲል ዒላማው ላይ 500 ወይም 600 እጅ ሆኖ ይታያል ማለት ነው። አንድ ጠቅታ ጭራውን የሚያነሳው የኢንች ሺኛ ግማሽ ነው። በቀድሞው ጠመንጃ ሩብ ኢንች፣ በዚህኛው 0.3 ኢንች። 24 ጠቅታ 7.2 ኢንች ሆነ፤ ትርፉ 1.2 ኢንች። የመካከለኛው ክብ ስፋት በጠቅላላው ሁለት ኢንች ስለሆነ ጥይቱ በላዩ ይወጣል። በ50 ያርድ ያልታወቀው ደግሞ እዚያ በደብተር ሳይሆን እየተኮሱ እያዩ ስለሚያስተካክሉ ነው። የሚያስፈልገው 20 ጠቅታ ነበር።

ስነግራቸው ዝም አሉ። ማስመሪያውን ተቀብለው ራሳቸው ለኩ። ሁለት ጊዜ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሥር ጀመርን። የጠመንጃውን መዝጊያ አወጡና በአሸዋ ከረጢት ላይ አስተኝተው፣ በአፈሙዙ ቀዳዳ ውስጥ የ50 ያርዱን ዒላማ ተመለከቱ። ጠመንጃው ሳይነቃነቅ የመነጽሩን የመስቀል ክር እዚያው ላይ አመጡት። ከዚያ መዝጊያውን መልሰው አምስት ጥይት። በአንድ ጥይት አይፈርዱም፤ የአምስቱን መካከል ያያሉ። ጥይቱ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ የመነጽሩ ጭራ ይሄዳል። ዝቅ ማድረግ ሲፈልጉ ደግሞ አሳልፈው ዝቅ ያደርጉና እንደገና ወደ ላይ ቆጥረው ይመጣሉ፤ ይህ በብሎኑ ጥርስ መካከል ላለው ላላታ ነው። እኔ ከጎን ቆሜ «ቱቦው ተመልሷል» እያልሁ በየጥይቱ አረጋግጥ ነበር።

ወደ 100 ያርድ ተዛወርን። 20 ጠቅታ፣ አምስት ጥይት። አራቱ ከክቡ ውስጥ ገቡ፤ አንዱ ወደ ግራ ወጣ። «ነፋስ ነው» አሉ። ነፋስ አልነበረም፤ ዝም አልሁ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ተኮሱ። በ2022 መጀመሪያ ሲያርፉ ከእናንተም አሥር ያህል ሰዎች ከመቃብሩ ድረስ መጥታችሁልኛል፤ ልጆቻቸው እስከ ዛሬ ያነሡታል። ወንዱ ልጃቸው ጠመንጃውን ሲያነሣ መነጽሩ ሲንቀሳቀስ አይቶ «ይኼ ላልቷል» ብሎ በሙጫ ሊያጣብቀው ነበር። በሰዓቱ ደረስሁ። ቱቦውን ስቤ መልሼ አሳየሁት፤ ደብተሩንም ገለጥሁለት። 24 ተሰርዞ፣ ከጎኑ በእኔ ጽሕፈት 20 የሚል አለበት።

አሁን ዕቃው ከልጅ ልጃቸው ዘንድ ነው። ባለፈው ወር ደውላ መነጽሩን ወደ ሌላ ጠመንጃ ልታዛውረው እንደምትፈልግና 20ው ይሠራ እንደሆነ ጠየቀችኝ። መጀመሪያ የመቀመጫዎቹን ርቀት ለክተሽ ንገሪኝ አልኋት። መልሷን እየጠበቅሁ ነው።