ስለ ጡረታ መዋጮ፤ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛና የሕዝብ ተመራጭ

በኡራን ለተሰበሰቡ መምህራንና የትምህርት ቤት ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር



ማኅበራችን ስለ ጡረታ መዋጮ እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ፥ ነገሩ ቁጥር የበዛበት ስለ ሆነ አድማጭ ያንቀላፋበታል ብዬ ጥቂት አመነታሁ። ነገር ግን ወር በገባ ቁጥር ከደመወዛችን ላይ ሳንጠየቅ የሚነሣው ገንዘብ የማን እንደ ሆነና ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ፥ ለሠራተኛ ሰው ከፊደል ቀጥሎ የሚያስፈልግ ዕውቀት መሆኑን ባሰብኩ ጊዜ ትእዛዙን በደስታ ተቀበልኩ። የምናገረውን ወደ ቦረንኛ እየመለሰ ለሚያሰማልኝ ባልደረባዬም አስቀድሜ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

የተሰበሰብንባት ኡራን፥ በሞያሌ የምርጫ ክልል ውስጥ ካሉት ሰባት ዋርዶች አንዷ ስትሆን ወደ ማርሳቢት ካውንቲ ምክር ቤት አንድ ተመራጭ ትልካለች። ከዚህ ጥቂት መንገድ እንደ ሄድን ደግሞ የኢትዮጵያ መሬት ይጀምራል። ስለዚህ በአንድ የከብት ገበያ ውስጥ ሁለት የጡረታ ሕጎች ትከሻ ለትከሻ ይገፋፋሉ ማለት ነው። አንዱ ወንድም በወዲያኛው ሞያሌ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ፥ ሌላው በወዲህኛው የካውንቲ ሠራተኛ ሆኖ ቢገኝ፥ ሁለቱም በየወሩ ይዋጣባቸዋል፤ የሚጠብቃቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

መዋጮ ማለት ለሕዝባችን አዲስ ነገር አይደለም። ቦረናዎች ከብቱ ላለቀበት ወገናቸው ከየመንጋቸው አውጥተው የሚሰጡበት ቡሳ ጎኖፋ የሚባል ሥርዓት አላቸው። በከተማ የምንኖረው ደግሞ እድር አለን። የእድር ሥርዓት አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ጠባይ አለው። የእድሩ ዳኛ ራሱ ከፋይ ነው። የሚያዝበት ሣጥን የእርሱም ቀብር የሚወጣበት ሣጥን ስለ ሆነ፥ ገንዘብ ያዡ ሁለት ወር ቢዘገይበት እንቅልፍ አይወስደውም። ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በአውሮፓ የሠራተኛና የአሠሪ መዋጮ የቆመበትን የእርጅና ዋስትና በሕግ ያጸናችው እ.ኤ.አ. በ1889 በቢስማርክ ዘመን ጀርመን ናት። ያን ጊዜ የጡረታው ዕድሜ 70 ዓመት ነበርና፥ ብዙው ሠራተኛ ሳይደርስበት ይሞት ነበር። በኢትዮጵያ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ በድንጋጌ ቁጥር 46/1953 ተጀምሮ በዐዋጅ ቁጥር 209/1955 ጸና። ሠራተኛው ከመቶ 4፥ መሥሪያ ቤቱ ከመቶ 6 ይከፍሉ ነበር። ይህ ልክ ለረጅም ዘመን ከቆየ በኋላ በዐዋጅ ቁጥር 714/2003 ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወስኖ የሠራተኛው ከመቶ 7፥ የአሠሪው ከመቶ 11 ሆነ። በ2014 ዓ.ም. ዐዋጅ ቁጥር 1267 ቢተካውም የመዋጮው ልክ ይኸው ነው።

የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ በቋሚነት የተቀጠረ እንደ ሆነ በዚሁ ሕግ ይታቀፋል። በቀን ሒሳብ መንገድ የሚጠርገውና ቦይ የሚያጸዳው ግን፥ አሥር ዓመት በአንድ መጥረጊያ ቢሠራ እንኳ ከዚህ ውጭ ነው። ይህን ስል አዲስ ነገር የምነግራችሁ አይደለም፤ የእነዚህን ሰዎች ልጆች በየክፍላችሁ ታስተምራላችሁ።

የቋሚው ሠራተኛ ጡረታ የሚሰላው እንዲህ ነው። 10 ዓመት ያገለገለና 60 ዓመት የሞላው ሰው ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ ከመቶ 30 ያገኛል። ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት ከመቶ 1.25 ይጨመርለታል፤ ጠቅላላው ግን ከመቶ 70 አይበልጥም። ስለዚህ 30 ዓመት ያገለገለ ሰው ከመቶ 55 ይደርሰዋል፤ አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ቢሆን 5,500 ብር ማለት ነው። እንደምታዩት ይህ ሒሳብ የቆመው በዘመንና በደመወዝ ላይ ነው። በሠራተኛው ስም የተቀመጠ ገንዘብ ተቆጥሮ አይሰጠውም። ስለዚህም የኢትዮጵያው ጡረተኛ የሚፈራው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው የኑሮ ውድነት፥ ሁለተኛው የመዝገብ ስሕተት። መጀመሪያ ሲቀጠር ያስመዘገበው ዕድሜ እስከ መጨረሻው ይከተለዋልና፥ በወጣትነቱ በግድየለሽነት የሞላት አንዲት ወረቀት በእርጅናው ትፈርድበታለች።

በወዲህኛው ወገን ታሪኩ ሌላ ነው። በኬንያ የማዘጋጃ ቤትና የአካባቢ አስተዳደር ሠራተኞች ሣጥኖች ሁለት ነበሩ። ላፕትረስት የሚባለው ከ1929፥ ላፕፈንድ የሚባለው ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመጡ ናቸው። በ2010 የወጣው ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 በሥራ ላይ ሲውል የሞያሌ ካውንቲ ካውንስልን ጨምሮ የቀድሞዎቹ የአካባቢ አስተዳደሮች ቀርተው 47 ካውንቲዎች ተተኩ። ሠራተኛው ግን ከነመጥረጊያውና ከነመዝገቡ፥ ካልተከፈለውም ዕዳ ጋር ወደ አዲሱ ጌታ ተሻገረ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የካውንቲ መንግሥታት የጡረታ ሕግ ሠራተኛው ከመቶ 12፥ ካውንቲው ከመቶ 15 እንዲያዋጡ አዘዘ።

ይህ ልክ ከኢትዮጵያው ከፍ ያለ ነው፤ ሲያዩትም ያስደስታል። ነገር ግን እዚህ የሠራተኛው ጡረታ በስሙ በገባው ገንዘብና ገንዘቡ ባፈራው ትርፍ ልክ ነው። ለምሳሌ ደመወዙ 30,000 ሽልንግ የሆነ የገበያ ቀራጭ ከራሱ 3,600፥ ከካውንቲው 4,500፥ በድምሩ በወር 8,100 ሽልንግ ሊገባለት ይገባል። ካውንቲው ለሁለት ዓመት ሳይልክ ቢቀር 194,400 ሽልንግ ከነትርፉ ይጎድልበታል። ሰውየው ግን 3,600ው በየወሩ ከደመወዙ ስለ ተቀነሰ የከፈለ ይመስለዋል። በእርግጥም ከፍሏል፤ ያልደረሰው ሣጥኑ ዘንድ ነው። በካውንቲዎች እጅ የቀረው ያልተላከ መዋጮ በቢሊዮን ሽልንግ የሚቆጠር መሆኑ በአደባባይ በተደጋጋሚ የተነገረ ነገር ነው፤ ከፊሉም ከቀድሞዎቹ የአካባቢ አስተዳደሮች የተወረሰ ዕዳ ነው።

አንድ የማውቃቸው ሽማግሌ የከተማ ዘበኛ ነበሩ፤ ስማቸውንም ያገለገሉበትንም ከተማ አልጠራም። ጡረታ በወጡ ጊዜ የአሥራ አራት ወር መዋጮ በመዝገብ እንደሌለ ተነገራቸው። ባለቤታቸው ግን ማንበብ የማይችሉ ሴት ሆነው ሳለ የደመወዙን ወረቀት ሁሉ በየወሩ በጨርቅ ጠቅልለው አኑረውት ነበር። ያ ጥቅል ባይኖር ኖሮ ሽማግሌው በምን አፍ እንደሚከራከሩ አላውቅም። በወረቀቱም እንኳ ክርክሩ ዓመት ፈጅቷል።

እንግዲህ ወደ ተመራጩ ልለፍ። የካውንቲው ምክር ቤት አባል ለአምስት ዓመት ይመረጣል። ዘመኑ ሲያልቅ፥ የደመወዝና ክፍያ ኮሚሽን በወሰነው መሠረት ላገለገለበት ለእያንዳንዱ ዓመት ከዓመታዊ መሠረታዊ ደመወዙ ከመቶ 31 ዳረጎት ይቀበላል። ለስሌት ያህል መሠረታዊ ደመወዙን በወር 80,000 ሽልንግ ብንል፥ የዓመቱ 297,600፥ የአምስት ዓመቱ 1,488,000 ሽልንግ ይሆናል። ለዚህ ከራሱ ኪስ መዋጮ አይጠየቅም። ይህን ያነሣሁት ተመራጮችን ለመስደብ አይደለም። ዳረጎቱ ሕጋዊ ነው፤ ሰውየውም የቀድሞ ሥራውን ትቶ ነው የተመረጠው፤ ዘመኑ ሲያልቅም የሚመለስበት ሥራ ላይኖር ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የካውንቲውን በጀት የሚያጸድቀውና አስፈጻሚውን የሚቆጣጠረው ይኸው ምክር ቤት ነው። ከመቶ 15ቱ የአሠሪ መዋጮ በበጀት ውስጥ ገብቶ እንደ ሆነ፥ ገብቶም ተልኮ እንደ ሆነ የመጠየቅ ሥልጣን ያለው ተመራጩ ሲሆን፥ ሣጥኑ ባዶ ቢሆን የሚጎዳው ጠራጊው ነው። የእድሩ ዳኛ ከእድሩ ሣጥን ውጭ ሆኖ ሲያዝ ማለት ነው።

ስለዚህ የእኔ አሳብ፥ በጀት የሚያጸድቅ ሰው በዚያ በጀት ከሚኖሩት ሠራተኞች ጋር በአንድ ሣጥን፥ በአንድ ልክ ያዋጣ የሚል ነው። ይህን አሳብ ስናገር ሁልጊዜ የሚመጣ መልስ አለ፤ «ተመራጭ አምስት ዓመት ብቻ ነው የሚቆየው፤ ጡረታ ለረጅም አገልጋይ የተሠራ ነው» ይላሉ። ይህ መልስ በኢትዮጵያ ሕግ ክብደት አለው፤ ምክንያቱም 10 ዓመት ያልሞላው ሰው የዕድሜ ልክ አበል አያገኝምና። በኢትዮጵያ ሕግ የመንግሥት ተሿሚውና የምክር ቤት አባሉ ከመንግሥት ሠራተኛው ጋር በአንድ የጡረታ ሕግ ይጠራሉ፤ ከዚያም በላይ ከኃላፊነት ሲነሡ የሚያገኟቸውን ጥቅሞች ዐዋጅ ቁጥር 653/2001 ለብቻው ደንግጓል። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት አባል ግን በአባልነቱ ደመወዝ የለውም፤ ከሌለው ደመወዝም መዋጮ አይቀነስም። በኬንያው አዲስ ሥርዓት ግን ያ መልስ አይሠራም። ጡረታው በየሰው ስም የተቀመጠ ገንዘብ ከሆነ፥ አምስት ዓመት ያዋጣም ሰው የአምስት ዓመቱን ይዞ ይሄዳል። የኬንያ የፓርላማ አባላትም ቢሆኑ ከደመወዛቸው እያዋጡ ነው የጡረታ መብት የሚያገኙት። ለፓርላማው የተቻለ ለካውንቲው የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

የማዘጋጃ ቤት ጡረታ በድሃ አገር ብቻ የሚታመም ነገር እንዳይመስለን አንድ ምሳሌ ልጨምር። በአሜሪካ የዲትሮይት ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 ለመክሰር ማመልከቻ አስገባች። በሚቀጥለው ዓመት ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት የከተማዋ ተራ ጡረተኞች ከአበላቸው ከመቶ 4.5 ተቀነሰባቸው፤ ለኑሮ ውድነት ይጨመርላቸው የነበረውም ቀረ። መኪና በመሥራት ዓለምን ያስደነቀች ከተማ ለቀድሞ ጠራጊዋና ለቀድሞ ጸሐፊዋ የገባችውን ቃል ሳትሞላ ቀረች። እዳው በአንድ ሌሊት የተከመረ አልነበረም፤ በብዙ ምክር ቤቶች ዘመን «ለሚመጣው ይቆይ» እየተባለ የተላለፈ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። በኬንያ በኩል ያላችሁ መምህራን እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ጀምሮ እናንተም መዋጮ ከፋዮች ሆናችኋል፤ በመጀመሪያው ዓመት ከመቶ 2፥ በሁለተኛው 5፥ ከሦስተኛው ጀምሮ 7.5፤ መንግሥትም ከመቶ 15። ስለዚህ የጠራጊው ጥያቄ የእናንተም ጥያቄ ነው። ርእሳነ መምህራን የሆናችሁ ደግሞ ከዚህ የበለጠ አለባችሁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፥ ምግብ አብሳይዋና ጸሐፊዋ በአስተዳደር ቦርዱ የተቀጠሩ ናቸው፤ የቦርዱም ጸሐፊ እናንተ ናችሁ። ይህ ማለት በኡራን ቆላ ውስጥ፥ ውሃ በግመል በሚመጣበት ትምህርት ቤት እንኳ እናንተ አሠሪ ናችሁ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2023 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የብሔራዊ ማኅበራዊ ዋስትና ሕግ መሠረት ሠራተኛው ከመቶ 6፥ አሠሪውም ከመቶ 6፥ በሕግ በተወሰነው ጣሪያ ልክ መክፈል አለባቸው። የወላጆች ክፍያ ዘግይቷል፤ የመንግሥት ድጎማ አልደረሰም የሚለው ችግር እውነተኛ ችግር ነው። ነገር ግን ከአብሳይዋ ደመወዝ የተቀነሰው ገንዘብ ለጠመኔ መግዣ ሊውል አይችልም፤ የእርሷ ነውና።

በኢትዮጵያ በኩል ያላችሁ ኃላፊዎች ደግሞ የሠራተኛው ማኅደር በእጃችሁ ነው። የልደት ዘመን፥ የቅጥር ቀን፥ የዝውውር ደብዳቤ፥ የባለቤትና የልጆች ስም። ሟች የሆነ ጡረተኛ ሚስቱ የአበሉን ግማሽ፥ ልጆቹ እያንዳንዳቸው ከመቶ 20 የሚያገኙት ስማቸው በዚያ ማኅደር ሲገኝ ነው። ከሞያሌ ወደ ያቤሎ፥ ከያቤሎ ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረ መምህር ማኅደሩ በአንዱ ቢሮ ተቆልፎ ሲቀር አይተናል፤ ስድሳ ዓመት ሲሞላው የሚፈልገው ደግሞ ቁልፉን የያዘው ሰው ራሱ ጡረታ ከወጣ በኋላ ነው።

ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲያደርግ አሳብ አቀርባለሁ። የመጀመሪያው፥ በማሠልጠኛ ትምህርት ቤታችን ዕጩ መምህራን ከመመረቃቸው በፊት የደመወዝ ወረቀትን ማንበብ በሒሳብ ትምህርት ውስጥ እንዲማሩ ነው። ሁለት ክፍለ ጊዜ ይበቃል፤ ከመቶ ስሌትን ለማስተማርም ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ሁለተኛው፥ በሚመጣው ምርጫ ለኡራን ዋርድ የሚወዳደር ማንኛውም ሰው በአደባባይ ሲቀርብ፥ የካውንቲው ሠራተኞች መዋጮ እስከ የትኛው ወር ድረስ እንደ ተላከና እርሱ ራሱ ቢመረጥ በዚያው ሣጥን ለማዋጣት ፈቃደኛ እንደ ሆነ እንዲጠየቅ ነው። መምህር የፓርቲ ቅስቀሳ አያደርግም፤ ጥያቄ መጠየቅ ግን የሙያችን ሥራ ነው። መልሱን የሚጽፍ ሰው ከመካከላችን እንዲመረጥ ለሰብሳቢው አመለክታለሁ።